ጆሮ ያላት ጀበና ትሰማለች፦ በእጅ ስለሚሣል የእንቆቅልሽ ጌም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኔና እህቴ ደሴ ነን። እኔ እሥላለሁ፣ ኮዱን እሷ ትሞክራለች። ስክሪኑን እየነኩ የሚጫወቱት፣ ሕልም የሚመስል የእንቆቅልሽ ጌም ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ጀምረናል። አንዲት ልጅ የጠፉ አያቷን ፍለጋ ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ላሊበላ ትሄዳለች። 23 ሥዕል ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጨርሻለሁ። ግን ሥዕሉን በስልክ አንሥተን ላፕቶፕ ላይ ስናስገባው ግራጫና ብዥ ያለ ይሆናል። ስልክ ላይ ስንከፍተው ደግሞ አንዳንዱ ቦታ ቢነካም አይሠራም። ያስሞከርናቸው ጓደኞቻችን ‹ያምራል፣ ግን ምንም አይገባም› ብለው ተዉት። ከየት እንጀምር?»

አብሽሩ። ከሦስቱ ሁለቱ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ናቸው። ሥር የሰደደው ሦስተኛው ነው፤ እሱ ሳይፈታ ሥዕሉን ብታጠሩት፣ ነገ እንቆቅልሹ ሲቀየር ያጠራችሁትን ልትጥሉት ነው። ስለዚህ ከጓደኞቻችሁ ቅሬታ ልነሣ።

በተራ ጌም ቁልፍ በር እንደሚከፍት ማንም ሳይነገረው ያውቃል። ዓሣ ዛፍ ላይ በሚበቅልበት ዓለም ግን ቁልፍ በር ይክፈት ወይስ ይዝፈን በምን ይታወቃል? ተጫዋቹ የሚደገፍበትን የዕለት ተዕለት ዕውቀት ወስዳችሁበታል። በምትኩ ሌላ ካልሰጣችሁት የሚቀረው ያገኘውን ሁሉ መነካካት ነው፤ እሱም አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሥዕሉ እንግዳ በሆነ ቁጥር ሕጉ ጥብቅ መሆን አለበት። አንድ ሕግ ይበቃል፤ ግን ከመጀመሪያው ስክሪን እስከ መጨረሻው አይጣስም።

ሕጉን ከሩቅ አትፈልጉት። አማርኛ ዕቃውን ሁሉ አካል አድሎታል፦ ጀበና ጆሮ፣ አንገትና ሆድ አላት፤ በርጩማ እግር አለው፤ ቁልፍና ማበጠሪያ ጥርስ አላቸው፤ ጋን አፍ አለው። «በዚህ ዓለም ስሙ አካል የሰጠው ዕቃ ሁሉ በአካሉ ይሠራበታል» ብላችሁ ወስኑ። ጀበና ትሰማለች፣ በርጩማ ይሄዳል፣ ቁልፍ ይነክሳል፣ ጋን ያወራል። የሕጉ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው በሚከለክለው ነገር ነው። ሲኒ ጆሮ የለውም፣ ስለዚህ አይሰማም። ምሥጢር በሲኒ ፊት ቢወራ አይወጣም፤ በጀበና ፊት ከተወራ ግን ሠፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ከዚህ ብቻ አራት አምስት እንቆቅልሽ ይወጣል። ሥዕሉ ስላማረ ብቻ አንዱን ሲኒ ዓይን አውጥታችሁለት ካየ ግን ሕጉ እዚያው ፈረሰ፤ ተጫዋቹም ከዚያ በኋላ አያምናችሁም።

ሕጉን በጽሑፍ አታስተምሩ። የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ልጅቷ ያልደረሰችበት መደርደሪያና አንድ በርጩማ ብቻ ይኑር። በርጩማው ሲነካ እግሩን ያፍታታና ሁለት እርምጃ ይሂድ። ሁለተኛው ስክሪን ያንኑ ሕግ በሌላ ዕቃ ይድገመው፤ ሦስተኛው ሁለቱን ያጣምር። አንድ ስክሪን ላይ ከእውነታው የሚያፈነግጠው ነገር ከአንድ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ግድግዳው፣ መደቡ፣ ቄጠማው እንደ ወትሮው ተሥሎ አንዲት ጀበና ብቻ አንገቷን ስታዞር ነው ሰው ደንገጥ የሚለው።

አንድ ስክሪን ቀርበን እንሥራ። የአያት ቤት ነው። ረከቦት ላይ ሦስት ሲኒ ተደርድሯል፤ ጀበናዋ ማቶቷ ላይ ተቀምጣለች፤ ግድግዳው ላይ ክራር ተሰቅሏል። ተጫዋቹ የሚፈልገው ከበረካው ሲኒ ሥር የምትወጣውን ቁልፍ ነው። አቦልና ቶና ሳይቀዳ በረካ እንደማይደረስ ማስረዳት አያሻም፤ ቤታችሁ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጀበናዋ ስትነካ ግን ጠብ አይላትም፤ አንገቷን ወደ ክራሩ ጠምዘዝ አድርጋ ትመለሳለች። ልብ ብሎ ያየ ሰው ውታፏ አፏ ላይ መሆኑ ቀርቶ የጆሮዋ ቀዳዳ ውስጥ መወተፉን ያስተውላል። ጎትቶ ሲያወጣው ትሰማለች፤ ከሰማች ደግሞ የምትቀዳው እንደ ቅኝቱ ነው።

የቅኝቱ ፍንጭ ሲኒዎቹ ላይ ይሣል፦ በመጀመሪያው የአያት ፎቶ፣ በሁለተኛው አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ፣ በሦስተኛው ግመልና ገበያ። ትዝታ፣ አምባሰል፣ ባቲ። ድምፁን ራሳችሁ ቅዱት፤ ለእያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ይበቃል። ስልኩን ከክራሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባልና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ዶን መነሻ ካደረጋችሁ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ቤሞል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ትዝታና ባቲ ማይነርም አላቸው፤ እዚህ አታስገቧቸው። አንቺ ሆዬንም ተዉት፤ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ስለሆነ ከአምባሰል የሚለየው በሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ያልለመደ ጆሮ አይለያቸውም፤ ተጫዋቹም ጥፋቱ የራሱ ሳይመስለው ይናደዳል።

ይህ ስክሪን የት የት እንደሚበላሽ ከወዲሁ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነካው የጀበናዋን አፍ ነው። እዚያ «አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ከወጣ ምንም አልተማረም፤ አፏ ሲነካ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ጆሮዋን ታሳይ። ጀበናዋ ጥቁር ናትና ውታፉ እንዳይሰወር የደረቀ ሣር ቀለም ስጡት። ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚጫወት አለ፣ መስማት የተሳነውም አለ። ስለዚህ ክራሩ ሲመታ ከሲኒው ሥዕል ጋር የሚገጥም ጥላ ግድግዳው ላይ ይረፍ። ቅኝቱ ሦስት ስለሆነ በግምት የሚሄድ ሰውም በየሲኒው ቢበዛ በሦስት ሙከራ ያልፋል። ይለፍ፤ እዚህ ላይ ተጫዋቹን ማሰር ምንም አያስገኝም።

የቀሩትንም እንቆቅልሾች በዚሁ መልክ ከኋላ ወደ ፊት ጻፏቸው። ትልቅ ወረቀት ወስዳችሁ ከታች «ቁልፍ» በሉ። ከሱ በላይ «በረካ»፣ ከሱ በላይ «ባቲ ቅኝት»፣ ከዚያ «የተከፈተ ጆሮ» እያላችሁ በቀስት አያይዙ። ወረቀቱ አንድ ቀጭን ሰንሰለት ሆኖ ከወጣ አደጋ ነው፤ አንዷ ቀለበት ላይ የቆመ ሰው ሌላ የሚሞክረው ስለሌለ ስልኩን ያስቀምጣል። በማንኛውም ሰዓት ቢያንስ ሁለት ያልተፈታ ነገር ክፍት ይሁን። በዚያው ወረቀት ላይ መውጫ የሌለውን መንገድም ትይዛላችሁ፦ ከሰሉ ያለቦታው ነድዶ ቢያልቅስ? ልጅቷ ውታፉን ደሴ ረስታ ሐይቅ ብትደርስስ? መመለሻ ከሌለ ያ ዕቃ እንዳያልቅ፣ ወይም ሳይያዝ መንገዱ እንዳይከፈት አድርጉ።

ስፋቱን ቀንሱት። ለመጀመሪያው 5 ስክሪን፣ 8 እንቆቅልሽ፣ ቢበዛ 6 የሚያዝ ዕቃ፣ በጠቅላላው የ20 ደቂቃ ጨዋታ ይበቃል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ 6 ዕቃ ካለና ስክሪኖቹ ላይ 12 የሚነካ ቦታ ካለ፣ ተጫዋቹ 72 ዓይነት ሙከራ ማድረግ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ጌሙ አንዳች መልስ ሊኖረው ይገባል። ለ10 ያህሉ ልዩ መልስ ሥሩ፣ ለቀሪው ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቅ ታድርግ። ዕቃውን 12፣ ቦታውን 40 ብታደርጉት ግን 480 ነው። ቼካዊው ያኩብ ድቮርስኪ በ2003 እ.ኤ.አ. ሳሞሮስትን የሠራው የመመረቂያ ሥራው አድርጎ ነው፤ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አጭር ጌም ነበር። እሱ ያቋቋመው ስቱዲዮ በ2009 ባወጣው ማሺናሪየም ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ በቃል አያወሩም፤ ሐሳባቸው ራሳቸው ላይ በሚወጣ ሥዕል ይታያል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው ሮቦትም እጁ የሚደርስበትን ብቻ ነው የሚነካው። ሁለተኛውን ብልሃት ውሰዱት፦ ልጅቷ ወደ ዕቃው ሳትጠጋ ዕቃው ካልተነካ፣ አንድ ጊዜ የሚሞከሩት ነገሮች ከ12 ወደ 3 ወይም 4 ይወርዳሉ።

ፍንጭ መስጫውን ከሌላ ጌም አትቅዱት። እኛ ዘንድ እንቆቅልሽ ያቃተው ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፦ «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል፣ መልሱ ይነገረዋል። ጥግ ላይ «አገር ስጠኝ» የሚል በጣት የሚጫኑት አንድ ቁልፍ አድርጉ። ተጫዋቹ ደሴን፣ ወልዲያን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን እየሰጠ ፍንጭ ይግዛ፤ የሰጠው ከተማ ከልጅቷ ካርታ ላይ ይጥፋ፤ እንቆቅልሹን ሲፈታ ይመለስለት። ፍንጩ ሦስት ደረጃ ይኑረው። የመጀመሪያው የት እንደሚታይ ይጠቁም፣ ሁለተኛው ሕጉን ያስታውስ («ጆሮ ያለው ምን ያደርጋል?»)፣ ሦስተኛው ቁርጡን ይንገር።

ማስሞከሩን በጓደኛ አትጀምሩ፤ ጓደኛ ሥዕሉን ያደንቃል። ጌም የማይጫወቱ አምስት ሰዎች ፈልጉ፣ አንዷ በዕድሜ ገፋ ያሉ ይሁኑ። ስልኩን ስጡና ዝም በሉ፤ ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። በየስክሪኑ መጀመሪያ የነኩትን ቦታና ሳይንቀሳቀሱ የቆዩበትን ደቂቃ ጻፉ። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆሙ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ብዙ ጊዜ እንቆቅልሹን መለወጥ አያስፈልግም፤ ፍንጩን ማጉላት ይበቃል።

አሁን ወደ ግራጫው ሥዕል። ስልክ ነጭ ነገር ሲያይ «በጣም በራ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ወረቀት ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። በቀን ጥላ ያለበት ደጅ ላይ አንሡ፣ ካሜራው ላይ ያለውን የብርሃን መጠን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትክክል በላይ ያዙ። ከዚያ ጊምፕ ወይም ክሪታ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ብርሃኑንና ጨለማውን የሚያስተካክለውን «ሌቭልስ» ከፍታችሁ ነጭ መሆን ያለበትን ቦታ ነጭ በሉት። ብዥታው ግን ከካሜራው ላይሆን ይችላል፦ ፎቶውን ወደ ላፕቶፕ የምታሻግሩት በቴሌግራም ከሆነ፣ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ያሳንሰዋል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። ከሁሉ የሚሻለው ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን ማስደረግ ነው። 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ በፒኤንጂ ፋይል በሏቸው፤ ጄፔግ የሚባለው የፋይል ዓይነት ከሆነ በመስመሮቹ ዙሪያ ብናኝ የመሰለ ቆሻሻ ይተዋል።

የደብተሩ መስመር ሰማያዊ፣ የእስክሪብቶው ቀለም ጥቁር ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ቀለሞቹን በቻናል (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብላችሁ) ለያዩና ሰማያዊውን ቻናል ብቻ ያዙ፤ መስመሩ ወደ ነጭነት ይጠጋል፣ ሥዕሉ ይቀራል። እስክሪብቶውም ሰማያዊ ከሆነ ሥዕሉ አብሮ ይጠፋልና በንጹሕ ወረቀት ከመገልበጥ ሌላ መንገድ የለም። ከእንግዲህ በኤ4 ወረቀት ላይ 288 በ162 ሚሊ ሜትር ክፈፍ አሥምራችሁ ሣሉ፤ ይህ ወርዱ ለቁመቱ ልክ 16 ለ 9 ነው። በ300 ዲፒአይ 3402 በ1913 ፒክስል ያህል ይወጣል፤ ወደ 1920 በ1080 ስታሳንሱት የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጠራል። ውኃ ቀለም ከነካችሁበት 80 ግራም ወረቀት ይጨማደዳል፤ 200 ግራም ፈልጉ። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ ከ16 ለ 9 ይረዝማሉና ግራና ቀኝ ባዶ ይተርፋል፤ ጥቁር ከምትተዉት የጥለት ንድፍ ሙሉበት።

የሚንቀሳቀሰውን ነገር ከጀርባው ጋር አንድ ላይ አትሣሉ። ጀርባው ጀበና የሌለበት ቤት ይሁን፤ ጀበናዋ በሌላ ወረቀት ትሣል። ጊምፕ ውስጥ ነጩን ወደ ባዶ የሚለውጥ «ከለር ቱ አልፋ» የሚባል አለ፤ ችግሩ የዕቃውንም ውስጥ ባዶ ስለሚያደርገው ክራሩ በጀበናዋ ሆድ ውስጥ ይታያል። ከሥሯ አንድ ሌየር (ንጣፍ) ጨምራችሁ በቅርጿ ልክ ቀለም ሙሉ። ሥዕሉ እስትንፋስ እንዲኖረው አንዱን ሥዕል መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በሌላ ወረቀት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ሣሉትና በሰከንድ 6 ጊዜ አፈራርቁት፤ መስመሩ ይርገበገባል። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ በአራቱ ማዕዘን የመስቀል ምልክት አድርጉ።

ሙሉ ስክሪኑን ግን አታርገብግቡ። ፋይሉ ትንሽ ቢመስልም 1920 በ1080 የሆነ አንድ ሥዕል ሲከፈት 8 ሜጋ ባይት ያህል ሜሞሪ ይይዛል፤ 12 ፍሬም (ተከታታይ ሥዕል) ያለው እንቅስቃሴ 100 ሜጋ ባይት ይጠጋል፤ ደከም ያለ ስልክ እዚያ ላይ ጌሙን ይዘጋዋል። ጀበናዋን ብቻ፣ ክራሩን ብቻ አንቀሳቅሱ። ላፕቶፓችሁ የቆየ ከሆነ ጎዶት 4 ላይ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ለቆየ ማሽን የሚስማማውን «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ምረጡ።

«ቢነካም አይሠራም» ለሚለው ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ፈትሹ። መጀመሪያ መጠኑን፦ በማውስ የሚያዝ 40 ፒክስል ቦታ በጣት አይያዝም። ጣት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ይህ በ6.5 ኢንች ስልክ ላይ ከ1080ው ቁመት 140 ፒክስል ያህል ነው። ውታፉ ትንሽ ተሥሎ ይቅር፣ በዙሪያው ያለውን የማይታይ ቅርጽ አስፉት። ቀጥሎ፦ ጎዶት ውስጥ የሚነካውን ቦታ የሚይዘው ኤሪያ ቱዲ በትክክል ተሠርቶም ካልሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ አንድ የማይታይ ነገር ተነጥፎበታል። ለቁልፎችና ለጽሑፍ ያስቀመጣችሁት ሙሉ ስክሪን የሚሸፍን ኮንትሮል ንክኪውን ሁሉ እየዋጠው ነው። «ማውስ ፊልተር» የሚለውን ከ«ስቶፕ» ወደ «ኢግኖር» ለውጡት። ሦስተኛው፣ ማውስ ሲያልፍበት ብቻ የሚያበራ ፍንጭ ካላችሁ ስልክ ላይ የለም፤ ጣት አያንዣብብም።

የአማርኛው ጽሑፍ ላፕቶፕ ላይ ታይቶ ሌላ ቦታ አራት ማዕዘን ሣጥን ከሆነ፣ ጌሙ የተዋሰው የኮምፒውተሩን ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉት ነጻ ናቸው፤ አንዱን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡ። በራሴ እጅ ጽሑፍ ፎንት ልሥራ ካላችሁ 33ቱን በ7 አባዙ፦ 231 ፊደል፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ለ5 ስክሪን የምትፈልጓቸውን 15 ቃላት እንደ ሥዕል ጽፎ ማስገባት ይቀላል።

የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። ልጅቷ ሐይቅ ስትደርስ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አትግባ፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ የአካባቢው ሰው ሲጫወተው መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ሕጋችሁ ግን መውጫ አለው፦ ከደሴ ተከትሏት የመጣው በርጩማ እግር አለው፤ እሷ ውኃው ዳር ቆማ መልእክቷን ያድርስላት። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ስክሪኑም እንደዚያው ይሁን፤ መጀመሪያ በመሬቱ ልክ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጣሪያ ብቻ ይታይ፣ ተጫዋቹ በጣቱ ሲስብ ግድግዳው እየወረደ ይምጣ። 1920 በ2700 ፒክስል ይበቃል፤ ሁለት ወረቀት ላይ ተሥሎ ይጋጠማል። ታቦትና መንበር የሚነካ ዕቃ አይሁኑ። ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ አይከፈት። ጫማ ደግሞ ምላስ አለው፤ ደጅ የተደረደሩት ጫማዎች እርስ በርስ ሲያወሩ፣ ከውስጥ ጆሮ የጣለ ሰው አያቷ በየት በኩል እንዳለፉ ይሰማል።